ከቆቃ እስከ አብያታ፤ በአራት ቀን የሚፈጸም የጥናት ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በጥቂት ቀን ብዙ ከተማ ለማየት የሚነሣ ሰው ሁለት ዐይነት ዕቅድ ሊያወጣ ይችላል። አንደኛው የከተሞችን ስም በወረቀት ላይ ደርድሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሮጥ ነው። ሁለተኛው አንድ ጥያቄ ይዞ፣ ለጥያቄው መልስ የሚሰጡትን ቦታዎች መርጦ፣ የቀሩትን ለሌላ ጊዜ መተው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛው መንገድ ለተማሪ የሚሻል መሆኑን፣ ቆቃን መካከል በማድረግ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

ነገሩ ተራ የሽርሽር ጉዳይ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የእረፍታችን ቀን አጭር፣ ኪሳችንም ቀጭን መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ጉዞው በደንብ ሳይታሰብ ሲቀር ወጪው ይበዛል፤ ወጪው በበዛ ቁጥርም በመጀመሪያ ከተጓዦች ዝርዝር ስሙ የሚሰረዘው ገንዘብ የሌለው ተማሪ ነው። ጓደኞቹ ወንዙን በዐይናቸው አይተው ሲጽፉ እርሱ ሌሎች የጻፉትን ብቻ እያነበበ ይጽፋል። ስለዚህ ዕቅዱ ከሁሉ በፊት በድኻው ተማሪ ዐቅም መለካት አለበት እንላለን።

የሩቅ አገር ምሳሌ

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ ያለችውን ኤኳዶርን እንመልከት። ዋና ከተማዋ ኪቶ፣ ከእርሷም በስተ ደቡብ ላታኩንጋ፣ አምባቶ፣ ሪዮባምባና ኩዌንካ የሚባሉት ከተሞች በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ይገኛሉ። በዚያው ክፍለ ዓለም ያለችው ቺሊ ደግሞ ከሰሜን እስከ ደቡብ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የምትረዝም ጠባብ አገር ስለሆነች፣ በጥቂት ቀን ሁሉን አያለሁ የሚል መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜውን በመቀመጫ ላይ ይጨርሰዋል። ከተሞች በአንድ መሥመር ላይ ሲደረደሩ «ትንሽ ብቻ ወደፊት ብንሄድ» የሚል ፈተና ይመጣል፤ የሄዱበት ሁሉ ግን በመልስ ጉዞ እንደገና ይከፈላል።

የእኛም ስምጥ ሸለቆ እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው በቢሾፍቱ በኩል ሞጆ ይደርሳል። በሞጆ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ምሥራቅ ወደ አዳማ ያመራል፤ ሌላው ወደ ደቡብ ዞሮ በቆቃ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአዳሚ ቱሉ፣ በቡልቡላና በአርሲ ነጌሌ አድርጎ ሻሸመኔና ሐዋሳ ይደርሳል። ባቡሩም ቢሆን፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞውም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ2018 መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው የኤሌክትሪኩም፣ ከሞጆና ከአዳማ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ እንጂ ወደ ሐይቆቹ የሚወርድ አይደለም። እንግዲህ ወደ ደቡብ ያለው ጉዞ ሁሉ በመኪና ነው ማለት ነው።

ጥያቄው ምን ይሁን?

ከቆቃ ለሚነሣ ጥናት ከውሃ የተሻለ ጥያቄ አናገኝም። የቆቃ ግድብ ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ ገንዘብ በአዋሽ ላይ ተሠርቶ በ1960 ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነው። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ ቁልቁል ወርዶ የወንጂን የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፤ ከዚያም አዋሽ በረሃውን አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያበቃል።

ከቆቃ ወደ ደቡብ ጥቂት ስንሄድ ግን ሌላ የውሃ ቤተሰብ እናገኛለን። ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው የመቂ ወንዝና ከአርሲ ደጋ የሚወርደው የቀታር ወንዝ ወደ ደንበል ይገባሉ፤ ይህም በቀድሞ ስሙ ዝዋይ የምንለው ሐይቅ ነው። ከደንበል የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈስሳል። የላንጋኖም ትርፍ በሆራ ቀሎ ወንዝ ወደዚያው ይገባል። አብያታ መውጫ የለውም፤ የገባበት ውሃ በፀሐይ ተንኖ ያልቃል።

እዚህ ላይ አስደናቂው ነገር የሁለቱ ውሃዎች መቀራረብ ነው። ደንበል ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ያህል፣ የቆቃ ሐይቅ ደግሞ 1,590 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መሬት ሜዳ እስኪመስል ድረስ ዝቅተኛ ነው። የምድር ታሪክ ሊቃውንት እንዳስረዱት፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ዝናቡ በበዛበት ዘመን ደንበል፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ሐይቁም በሞላ ጊዜ ትርፉ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። እንግዲህ በቆቃና በመቂ መካከል በመኪና የሚያልፍ ሰው ጥንት ውሃ ይሻገርበት የነበረውን፣ ዛሬ ግን ውሃን ወደ ሁለት የሚለየውን መሬት ሳያውቀው ይሻገራል።

ስለዚህ ጥያቄያችንን እንዲህ ብለን እንጻፍ፦ «በቆቃና በደንበል ወገን ውሃውን ማን ይጠቀምበታል? ለቀጣዩስ ምን ይተርፋል?» ይህ ጥያቄ የቦታዎቹን ቅደም ተከተል ራሱ ይወስንልናል። በየወገኑ ከላይ ተነሥተን ውሃውን እየተከተልን እንወርዳለን።

የጊዜ ሒሳብ

አሁን ዕቅዱን በቁጥር እንመዝነው። በእኛ አገር በቀን 12 ሰዓት ያህል ብርሃን አለ፤ በአራት ቀን 48 ሰዓት ይሆናል። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ሻንጣ ይዞ መዛወር ስንት ሰዓት ይወስዳል? ዕቃ ማሰር፣ እስከ መናኸሪያ መድረስ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ፣ መጓዝ፣ ከዚያም አልጋ መፈለግ አለ። መንገዱ አጭር ቢሆን እንኳ ይህ ሁሉ ተደምሮ ሦስት ሰዓት ይወስዳል ብለን እናስብ።

አንድ ቡድን ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን፣ ወንጂን፣ ቆቃን፣ መቂን፣ ባቱን፣ ሻሸመኔንና ሐዋሳን፣ ማለት ዘጠኝ ከተማ ለማየት ቢያቅድ መልሱን ጨምሮ አሥር ጊዜ ይዛወራል። ይህ 30 ሰዓት ነው። የሚተርፈው 18 ሰዓት ለዘጠኝ ሲካፈል ለአንድ ከተማ ሁለት ሰዓት ይደርሰዋል፤ ምሳውም ከዚያው ውስጥ ነው። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ያለው 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሦስት ሰዓት እንደማያልቅ ካሰብን ደግሞ ትርፉ ከዚህም ያንሳል።

ሌላ ቡድን ማደሪያውን ሁለት ቦታ ብቻ ያድርግ፤ አዳማና ባቱ። ሻንጣ ይዞ የሚዛወረው ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ ቆቃ፣ ከቆቃ ወደ ባቱና ከባቱ ወደ አዲስ አበባ፣ በድምሩ አራት ጊዜ ነው። ይህ 12 ሰዓት ይሆናል፤ 36 ሰዓት ይተርፋል። በአቅራቢያው ያሉትን ወንጂንና ቡልቡላን ሻንጣውን ከማደሪያው ትቶ ደርሶ መልስ ያያቸዋል። በተመሳሳይ አራት ቀን ውስጥ የሁለተኛው ቡድን የማየትና የመጠየቅ ጊዜ የመጀመሪያውን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የአልጋም ዋጋ ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት በአንድ ቤት ሲያዝ ለመነጋገር ይቀላል።

የአራቱ ቀን አከፋፈል

በመጀመሪያው ቀን ከቃሊቲ መናኸሪያ ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ወደ አዳማ መሄድ ነው። በ2014 የተከፈተው የክፍያ ፈጣን መንገድ ይህን ጉዞ አሳጥሮታል። ዕቃ በማደሪያ ካስቀመጡ በኋላ ረፋዱን ግድቡን፣ ከሰዓት በኋላ ወንጂን ማየት ይቻላል፤ ሁለቱም ለአዳማ ቅርብ ናቸው። በወንጂ የኔዘርላንድ ኩባንያ ኤች. ቪ. ኤ. ያቋቋመው የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ በ1954፣ የሸዋ ፋብሪካ ደግሞ በ1962 ሥራ ጀምረዋል። ሁለቱም አሮጌ ፋብሪካዎች ዛሬ ቆመው በአዲስ ፋብሪካ ተተክተዋል፤ አገዳው ግን አሁንም የአዋሽን ውሃ ይጠጣል።

ወንጂ ሌላም ነገር ታስተምራለች። በአካባቢው ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ፣ ለብዙ ዓመት የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ እንደሆነና የአንዳንዶቹም አጥንት እንደተጎዳ በሐኪሞች በሚገባ ተጠንቷል። ይሁን እንጂ የሰው ጥርስ ለጥናት ይረዳናል ብሎ ካሜራ መደቀን ነውር ነው። አባባ ወይም እማማ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ስለ ውሃው መጠየቅ ይበቃል፤ የቀረውን እነርሱ ከፈለጉ ይናገሩታል።

በሁለተኛው ቀን ከአዳማ ወደ ሞጆ፣ ከሞጆ ወደ ቆቃ እንሄዳለን። እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። የመጀመሪያው፣ «ቆቃ» ሲባል ግድቡና ከሞጆ በስተ ደቡብ በአሮጌው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ አንድ ቦታ አለመሆናቸው ነው። ግድቡ የሚታየው ከአዳማ በኩል ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን አስገባነው፤ በሁለተኛው ቀን የምንወርደው በከተማዋ ነው። ሁለተኛው፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ አዲስ ፈጣን መንገድ መሠራቱ ነው። አጠቃላይ ዕቅዱ እስከ ሐዋሳ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እስከ ባቱ ያለው ክፍል ተከፍቷል። ይህ መንገድ ቶሎ ያደርሳል፤ ነገር ግን ከተሞቹን በጎን ትቶ ያልፋል። ስለዚህ ሲሄዱ በአሮጌው መንገድ፣ ሲመለሱ በፈጣኑ መሆን አለበት። በመናኸሪያ ረዳቱን «በየት በኩል ነው?» ብሎ ሳይጠይቁ መሳፈር ቆቃን ሳያዩ ባቱ መድረስን ያስከትላል።

በቆቃ ቢያንስ ሦስት ሰው እንድናነጋግር እንመክራለን፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ አንድ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ገበሬ፣ አንዲት ውሃ የምትቀዳ እናት። ሦስቱም ስለ አንድ ሐይቅ ሲናገሩ ሦስት ዐይነት ሐይቅ የሚያወሩ ይመስላል። ከደጋው የሚወርደው ደለል የግድቡን ውሃ የመያዝ ዐቅም እየቀነሰው ነው። በሞጆ ወንዝ በኩል ከከተማውና ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚመጣው ቆሻሻ ወደዚሁ ሐይቅ ይገባል። እምቦጭ የተባለውም አረም በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1965 በዚሁ በቆቃ ነው፤ በጣና ላይ ከመታየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ማለት ነው። ስለ ጣና እምቦጭ የሚያጠና ተማሪ ቆቃን ሳያይ ቢቀር ትልቅ ክፍል ያመልጠዋል። ከቆቃ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መነሣት ይገባል፤ ከሞጆ ሞልተው የሚያልፉት መኪኖች በመንገድ ላይ ላያቆሙ ስለሚችሉ፣ በአጭር በአጭሩ እስከ ዓለም ጤና፣ ከዚያም እስከ መቂና ባቱ መቀባበል ሊያስፈልግ ይችላል።

ሦስተኛው ቀን የባቱ ነው። በማለዳ ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲመለሱ በሐይቁ ዳር መገኘት ይገባል። ደንበል ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ ከሦስት ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ ትንሽ ውሃ ሲቀነስ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። በዙሪያው ያሉት የአትክልትና የአበባ እርሻዎች፣ የከተማዋም ሕዝብ፣ ሁሉም ከዚህ ይቀዳሉ። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ የዘይ ሕዝብ አገር ናቸው። ትልቁ ቱሉ ጉዶ በደብረ ጽዮን ገዳሙና በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሩቅ ስለሆነ ቀኑን ሁሉ ይወስዳል። ጥያቄያችን ስለ ውሃ ስለሆነ በዚህ ጉዞ ቱሉ ጉዶን እንተወዋለን። መተው ያሳዝናል፤ ታሪክ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ግን ለብቻው ይሂዱበት። ከሰዓት በኋላ ወደ ቡልቡላ ወርዶ፣ በድልድዩ ላይ ቆሞ፣ ከደንበል ወደ አብያታ የሚሄደውን ውሃ ማየት ነው።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ወደ አብያታና ሻላ ብሔራዊ ፓርክ እንሄዳለን። ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ሐይቆች በጣም ይለያያሉ፤ ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን አብያታ ግን በቀላሉ የሚሸሽ ነው። የአብያታ ዳር ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ ወደ ኋላ ሄዷል። ምክንያቱም ከላይ በኩል ለመስኖ የሚቀዳው፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ የተወሰደው ውሃ መሆኑን አጥኚዎች ይስማሙበታል። በቆቃና በባቱ የሰማነው ንግግር ሁሉ እዚህ ፍቺ ያገኛል፤ ከላይ ያለው ጎረቤት የተጠቀመበት ከታች ያለውን ምን እንዳደረገው በነጩ መሬት ላይ ተጽፏል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ወደ ባቱ ተመልሶ ዕቃ ይዞ በፈጣኑ መንገድ ቢመጡ ሳይመሽ አዲስ አበባ ይገባል።

ሻሸመኔና ሐዋሳ ለምን ቀሩ? ሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሌና ወደ ወላይታ የሚሄዱት መንገዶች የሚለያዩባት ታላቅ መገናኛ ናት፤ ሐዋሳም የራስዋ ውብ ሐይቅ አላት። ነገር ግን የሐዋሳ ሐይቅ የሌላ ተፋሰስ ነው፤ ከቆቃና ከደንበል የጀመርነውን ጥያቄ አይመልስም። ደግሞም እነርሱን ለማየት የሚወጣው ጊዜ የሚቀነሰው ከቆቃ ሦስት ሰዎች ወይም ከአብያታ ማለዳ ነው።

ከመነሣት በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

ፈቃድ፦ ግድቡ የኃይል ማመንጫ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መግባትም ሆነ ፎቶግራፍ ማንሣት አይቻልም። ከትምህርት ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ አስቀድሞ ማስገባት ያሻል። መልስ ካልመጣ ያን ረፋድ ለወንጂ መስጠት ነው። በየቦታው የተማሪነት መታወቂያና የደብዳቤውን ግልባጭ መያዝ ጠቃሚ ነው። የመንገዱን ጸጥታ ከመነሣት በፊት በነበረው ቀን በየከተማው ካሉ ሰዎች ጠይቆ ማረጋገጥ፣ በሌሊትም አለመጓዝ የማይጣስ ደንብ ይሁን።

ወራት፦ ክረምቱ መንገዱን ያጨቀያል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በዚያን ጊዜ ከኤውሮፓ የሚሰደዱ ወፎችም በሐይቆቹ ዳር ይታያሉ። በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል በሚከበርበት ሰሞን መኪና ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን ወይ በዓሉን ራሱን ለማየት መሄድ፣ ወይም ጉዞውን ማዛወር ነው።

ጤና፦ በቆቃ ግድብ አጠገብ ባሉ መንደሮች ወባ ራቅ ካሉት ይልቅ እንደሚበዛ ጥናቶች አሳይተዋል። አጎበር መያዝ ይገባል። በወንጂ ቦዮችና በደንበል ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ ውሃ ውስጥ መግባት አይገባም፤ በቆቃ ሐይቅ ደግሞ አዞና ጉማሬ አሉ።

ቋንቋ፦ ብዙ ሰው አማርኛ ያውቃል፤ ነገር ግን «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመርና «ገለቶማ» ብሎ መጨረስ በር ይከፍታል። የከተሞቹንም ሁለቱንም ስም ማወቅ ይጠቅማል፤ አዳማን ናዝሬት፣ ባቱን ዝዋይ የሚሉ ዛሬም አሉና።

ገንዘብ፦ ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አንጽፍም፤ የምናቀርበው አሠራር ነው። ሚኒባስ በኮንትራት መያዝና በየመናኸሪያው መሳፈር ሁለቱም ይሰሉና ለአንድ ሰው የሚደርሰው ይነጻጸር። ተጓዦቹ ከዐሥር በላይ ሲሆኑ ልዩነቱ ሊጠብብ ይችላል፤ ኮንትራቱም በፈለጉበት ለመቆም ያስችላል። ከጠቅላላው ገንዘብ አንድ አምስተኛው ለድንገተኛ ነገር ይቀመጥ። መዋጮውን ደግሞ ሁሉም እኩል ከሚከፍል ይልቅ አንድ ሰው ብቻ በሚያውቀው ዝርዝር እንደየዐቅሙ ቢሆን፣ ማን ስንት እንደከፈለ ሳይታወቅ ሁሉም ይሄዳል።

የሚቀነሰውን አስቀድሞ መወሰን፦ መኪና ይበላሻል፤ ዝናብም ይዘንባል። በመንገድ ላይ «የቱ ይቅር?» የሚል ክርክር ከተነሣ ድምፁ ከፍ ያለው ይረታል። ስለዚህ ሳይነሡ በፊት ቅደም ተከተሉ ይጻፍ። በእኛ ዕቅድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የግድቡ ጉብኝት፣ ቀጥሎ ወንጂ ነው፤ ቆቃ፣ ቡልቡላና አብያታ ግን አይነኩም። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ቡድን ደግሞ ደቡቡን ሁሉ ትቶ አዳማን፣ ወንጂንና ቆቃን ይያዝ፤ የአዋሽን ወገን ብቻ ቢሆንም በሙሉ ያየዋል።

በመጨረሻ ለአንባቢዎቻችን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ተማሪም ሆነ መምህር፣ ለሌላ ጉዳይ ቢሄድም እንኳ፣ በቡልቡላ ድልድይ ላይ ለአምስት ደቂቃ ይቁም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ውሃው የሚፈስስ ወይም የቆመ መሆኑን፣ ከአንድ ከተለየ ድንጋይ ወይም ከድልድዩ እግር አንጻር የት ድረስ እንደሚደርስ ጽፎ ለዚህ መጽሔት ይላክልን። አንድ ሰው አንድ ቀን ያየው ብዙ አይናገርም፤ የብዙ ተማሪዎች ማስታወሻ በየዓመቱ ሲጠራቀም ግን ደንበል ለአብያታ ስንት እንደሚያተርፍለት በራሳችን ዐይን ያየነውን ማስረጃ ይዘን ለመናገር እንችላለን።